የደባል በር

ሙሉ ቤት ውስጥ ኖሬ አላውቅም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ የኖርኩባቸውን ቤቶች ቁጭ ብዬ ስቆጥር የወጣልኝ ድምር ይኸው ስለሆነ ነው።

ሸቤ የተወለድኩበት ቤት መንታ ቤት ነበር። አባቴ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ለሁለት ሠራተኞች ያሠራው ነው፤ አንድ ጣራ፣ አንድ የመሐል ግድግዳ፣ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት መስኮት። የጎረቤታችንና የእኛ አልጋ በግድግዳው ወዲህና ወዲያ ራስ ለራስ ስለነበር ሰውየው ሲያስነጥስ እናቴ ከዚህ ሆና "ይማርህ" ትለው ነበር። አባቴ ሲሞት የእኛ ግማሽ ለተተካው ሠራተኛ ተሰጠና ጅማ ገባን። ጅማ ደባል ሆንን። አሁን ደግሞ እዚያው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ነን። ባለቤቶቹ ትልቁ ቤት ይኖራሉ፣ እኛ ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ፤ ሽንት ቤቱና ቧንቧው የጋራ፣ የግቢው በር የሚዘጋበት ሰዓት የእነሱ። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ኮሌጅ ገብታ ስድስት ሆነው የሚተኙበትን ክፍል ዶርም ትለዋለች። ቡና እርሻ የተቀጠረ የሰፈራችን ሰው ካምፕ ይለዋል። ሁሉም ስም አለው። ስሙ ሲፈታ ግን ያው ነው፤ ሌላ ሰው አጠገብሽ ይተነፍሳል ማለት ነው።

ከስሞቹ ሁሉ ደባልን እጠላዋለሁ። የቀበሌ ቤት የሚያዘው በአንድ ሰው ስም ነው። እዚያ ሰው ቤት ገብቶ የሚኖር ሌላ ሰው ደባል ይባላል። ደባል ማስገባት ክልክል ነው፤ ደባል የሌለበት የቀበሌ ቤት ግን እኔ አላየሁም። ጥንድ ሲባል ሁለቱም እኩል ናቸው። መንታም እንደዚያው። የመቀስ ሁለት ስለት በአንድ ስም ነው የሚጠራው፤ አንዱን ብትነቅይው ቢላ እንኳን አይሆንም። የጫማ አንዱ እግር ከጠፋ ሌላው ይጣላል። ደባል ግን አንዱ ባለቤት ሌላው ትርፍ የሆነበት ሁለትነት ነው። ደባሉ ቢወጣ ከቤቱ የሚጎድል ነገር የለም። ደባል ላስገባው ሰው እንኳን ስም አልወጣለትም፤ ስም የወጣው ለእኛ ብቻ ነው።

ቤቱ የአዮ ነበር። አዮ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ትልቅም ትንሽም እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ከእናቴ ጋር የተዋወቁት ቦኖ ላይ ነው፣ የውኃ ወረፋ ይዘው። ሁለት ቀን ጀሪካናቸውን ተሸክማ ቤታቸው አደረሰችላቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ከግድግዳ ጋር ከማወራ ልጅሽን ይዘሽ ግቢ አሏት። ኪራይ አልጠየቁም። እናቴ ውኃ ትቀዳለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፤ እሳቸው ደግሞ በስማቸው ያስጠልሉናል። እኔ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

የጭቃ ቤት ነው፤ መሐሉ ላይ በኮምፔርሳቶ ለሁለት ተከፍሏል። ኮምፔርሳቶው ጣራ አይደርስም። ስለዚህ ድምፁም፣ ጢሱም፣ የሽንኩርቱ ሽታም የጋራ ነበር። የጋራ ያልሆነው ሥጋ ብቻ ነው። እኛ ያረድነውን እሳቸው አይበሉም፣ እሳቸው ያሳረዱትን እኛ አንበላም። ሁለት ቢላ በሁለት ሚስማር ተሰቅሎ፣ ሁለት ድስት ወዲህና ወዲያ ተደፍቶ ይውላል። ለፋሲካ አዮ ዶሮ ከነነፍሱ ይሰጡናል፤ ለአረፋ እናቴ ስኳርና ዘይት ታስገባለች። አንድ ጊዜ ሳላስተውል በእሳቸው ቢላ የእኛን ሥጋ ከትፌበት ነበር። ቢላውን ወሰዱና ደጅ ወጥተው በአመድ ሲፈትጉት ዋሉ። ማታ ሽሮ አብረን በላን።

በሩም የጋራ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው። የእኛ ክፍል የውስጠኛው ነው። ደጅ ለመውጣት የግድ በአዮ ክፍል ማለፍ አለብን። አዮ የሚሰግዱት ደግሞ በእኛ መተላለፊያና በደጁ በር መካከል ነው፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላለ እየተደገፉ የሚወርዱበት ሳጥን ያለው እዚያ ብቻ ነው። በሚሰግድ ሰው ፊት አይታለፍም። ስለዚህ በቀን አምስት ጊዜ ወይ መተላለፊያው ላይ ከተሰቀለው መጋረጃ ኋላ ወይ ደጅ ቆመን እንጠብቃለን። ሲጨርሱ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ያሰላምቱና ሳይዞሩ "ደርቢ" ይላሉ። እለፊ ማለት ነው። ከስሜ ይልቅ ያን ቃል የሰማሁ ይመስለኛል።

የቀበሌ ሰው ሲመጣ የምንለው ነገር የተጠና ነው። እናቴ ልጃቸው ናት፣ እኔ የልጅ ልጃቸው ነኝ። ያስጠኑኝ አዮ ራሳቸው ናቸው፤ ፈትነውኛልም። አንድ ጊዜ አንድ የጥበቃ ሰው አንገቴ ላይ ያለውን ክር አየና፣ "አዮ፣ የልጅ ልጅዎ ማተብ አሰረች እንዴ?" አላቸው። አዮ ከፍ ዝቅ አድርገው ካዩት በኋላ፣ "አንተ በጥሰህ የጣልከውን ነው ያነሳችው" አሉት። ሰውየው አንገቱን ዳበሰና እየሳቀ ሄደ።

እናቴ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ግማሽ ቤት ዳግመኛ ዕቃዋን ተሸክማ አለመውጣት። አንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ወገቧ ያማታል። አዮ ቢሞቱ በማግስቱ ቤቱ እንደሚታሸግ ሁላችንም እናውቃለን። አዮም ያውቃሉ። አንድ ቀን ሦስት የሰፈር ሽማግሌና እናቴን ይዘው ቀበሌ ሄዱና እሷን በጉዲፈቻ ልጅነት መዝግቡልኝ አሉ። አርባ ዓመት ያለፋትን ሴት፣ ያውም ክርስቲያን። ጸሐፊው ሳቀ አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። በኦሮሞ ዘንድ ጉዲፈቻ ጨዋታ አይደለም፤ ልጄ ያለ ሰው ልጁ ነው። ስለዚህ ማመልከቻውን ተቀበሉ፤ ቤት ድረስ መጥተን አብራችሁ መኖራችሁን እናጣራለን፣ ከዚያ ፋይሉ ላይ ትገባለች አሏቸው። አብራችሁ መኖራችሁን። በአንድ በር፣ በአንድ ቤት። ይህን እናቴ ከቀበሌ ስትመለስ ቃል በቃል ነግራኛለች፤ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

አጣሪዎቹ ዛሬ ነገ ሲሉ ዓመት አለፈ።

እኔ በዚያ ዓመት አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ለመሰናዶ አልበቃም ነበር። ቡና መጋዘን ገባሁ፣ ለቀማ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ከደህናው ትለያለሽ። አንዳንዴ ሳይፈለፈል ያለፈ ጀንፈል ይገኛል። ስሰነጥቀው ሁለቱ ፍሬዎች ሆዳቸውን አጣብቀው፣ በመካከላቸው ስስ ቆዳ ብቻ ይዘው ተኝተዋል፤ አንዱ ሌላውን ገፍቶ ጠፍጣፋ አድርጎታል። አልፎ አልፎ ደግሞ ፍሬው ብቻውን ሆኖ ሙሉውን ቤት ይዞ፣ ክብ ሆኖ ያደገበት ይገኛል። ያንን ሳገኝ ኪሴ እጨምረው ነበር። በሃያ ዓመቴ የምመኘው ይህንኑ ነበር፤ የሚገፋኝ ሳይኖር ክብ መሆን።

የመጋዘኑ በር ንጋት ላይ ይዘጋል። አንድ ደቂቃ ካረፈድሽ ቀንሽ ሄደ። የንጋት ስግደት ደግሞ ልክ በዚያው ሰዓት ነው። ጫማዬን አድርጌ፣ ነጠላዬን ይዤ መጋረጃው ኋላ ቆሜ የአዮን ጀርባ አያለሁ። ቀስ ብለው ይወርዳሉ፣ ቀስ ብለው ይነሳሉ። በአንድ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ከተዘጋው በር ስመለስ አላስቻለኝም። የእርስዎ ጸሎት የእኔን እንጀራ እየዘጋው ነው አልኳቸው። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ሳላለሰልስ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አዮ በማግስቱ ምንጣፋቸውን አልጋው ጥግ አንጥፈው ሊሰግዱ ሞከሩ። እዚያ የሚደገፉት ሳጥን የለም። ለመነሳት ሲሉ አልጋውን ይዘው ሲንጠለጠሉ አየሁ፤ እኔ ግን እያየሁ አለፍኩና መጋዘኑ ደረስኩ።

በዚያው ሰሞን ነው በጀርባ በኩል ያለውን ግድግዳ ልብሳውና የራሳችን በር ይኑረን ያልኩት። እናቴ ተይ አለችኝ። አዮ ያሉኝን እስካሁን አስታውሳለሁ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በር ባለበት ሰው ይቆጠራል። ሰዎቹ መጥተው እስኪያጣሩ ጠብቂ።" እኔ የታየኝ ብቻቸውን መቅረት የፈሩ ሴትዮ ናቸው። ዓመት ጠብቀናል፣ አይመጡም አልኩ። ለሁለት ሳምንት ያህል አኮረፍኩ፤ ከእሳቸው ጋር ሽሮ መብላት ተውኩ። በመጨረሻ፣ እንግዲህ ክፈቺው፣ አላህ በጎ ሰው ያስገባበት አሉ።

በሩን የከፈተው ከደዶ የመጣ የጭቃ ቤት ሠሪ ነው። ግድግዳውን በአንድ ጠዋት በዶማ ጨረሰው። የገዛሁት ባለ ሁለት ተካፋች አሮጌ በር ከፈረሰ ሱቅ የወጣ ነበር፤ አንዱ ተካፋች አረንጓዴ፣ ሌላው ሰማያዊ። ሠሪው እየሳቀ፣ ባልና ሚስቱ ተጣልተው ነው የገዛሻቸው አለኝ። ሲሰቅላቸው ግን ገጠሙ። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደወጣሁና እንደገባሁ አላውቅም። እናቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ቀዝቃዛ አየር ገባ፣ በቃሽ ዝጊው አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይል ነበር። መጋዘን አላረፍድም። ስወጣ ማንም አያየኝም፣ ስገባ ማንም አይጠይቀኝም። ደርቢ የሚለኝ የለም። ከአዮ ጋር በምን እንደምንገናኝ ግን አላሰብኩበትም ነበር፤ ለካ የምንገናኘው በማለፍ ነው። እናቴ ውኃውን ደጃቸው አስቀምጣ ወደ ሥራ ትሮጣለች። አንድ እሑድ ቦኖ ላይ አንዲት ጎረቤት፣ አዮ ተሻላቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ቀን ተኝተው ነበር። ጣራ ከማይደርስ ኮምፔርሳቶ ወዲያ ሁለት ቀን ታመው እኛ የሰማነው ከቦኖ ነው። ሮጬ በፊት በር ስገባ ተነስተው ተቀምጠዋል። ሳል ነበር፣ አለፈ አሉኝ። ለምን አልጠሩንም ስላቸው፣ ሰው ጎረቤቱን በትንሽ ነገር አያስቸግርም አሉ። ጎረቤት ሲሉኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

አጣሪዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እንደ አጣሪ ግን አልመጡም። የሰፈሩን ቤቶች ቁጥር የሚጽፉ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቀለም ይዟል፣ አንዱ ሜትር፣ አንዲት በእኔ ዕድሜ የምትሆን ልጅ ፎርም ይዛለች። እናቴ ሥራ ነበረች። በአዮ በር ላይ ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ በጀርባ ዞረው መጡና በሬን አዩ። ተነጋገሩ። ያንኑ ቁጥር አረንጓዴው ተካፋች ላይ ጻፉና ጎኑ ላይ በቁቤ ቢ የሚል ፊደል ጨመሩበት። ቀለሙ ሲንጠባጠብ እኔው ነኝ በጨርቅ የጠረግኩላቸው። ቁጥር ያለው በር። ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ ትርፍ ሆኜ ኖሬ በአንድ ጠዋት ቁጥር ወጣልኝ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ልጅቷ ፎርሟን እያየች፣ "እዚህ የምትኖሩት እናንተ ናችሁ?" አለችኝ።

"አዎ፣ እኔና እናቴ።"

"በፊት በኩል ያሉት ሴትዮ ምናችሁ ናቸው?"

መልሱ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ላይ ነው። አያቴ ናቸው ማለት ብቻ። ልጅቷ አላስፈራራችኝም፣ አልተቆጣችኝም፤ በትሕትና ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን በራሴ በር ላይ ቆሜ ነበር። መዋሸት የደባል ሥራ መሰለኝ።

"ምናችንም አይደሉም" አልኩ። "የእኛ በር ለብቻ ነው።"

ልጅቷ ጻፈች። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የአዮ መቁጠሪያ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማኝ ነበር። ቆመ።

ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። በኦሮምኛ ነው የተጻፈው፤ እናቴ በመናገር እንጂ በማንበብ ስለማትችል ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ቢ የተባለው ቤት ራሱን የቻለ ሆኖ ስለተገኘ፣ ውል የሌላቸው ሁለት ሰዎች እንደያዙት በራሳቸው ቃል ስለተረጋገጠ፣ እንዲያስረክቡ። የጉዲፈቻው ማመልከቻም ዝምድና የለንም በመባሉ ውድቅ ሆኗል። "በራሳቸው ቃል" የምትለዋን ሳነብ ድምፄ ወረደ። እናቴ አላየችኝም። አጣጥፊው አለችኝ፣ በቃ።

አዮ ጋ በፊት በር ገባሁ። ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠዋል።  ካየሁት የሚበልጥ ቁጣ ጠብቄ ነበር። "ውሸት ሳስተምርሽ እኮ ሰነፍ ተማሪ ነበርሽ" አሉ፤ ወዲያው ደግሞ፣ "ነይ ጫማሽን አውልቂ፣ ጭቃ እናቡካ።"

በሩን ልንደፍነው ነው። አዮ እንደሚሉት በሩ ከሌለ ቢም የለም። ተካፋቾቹን ከማጠፊያቸው ነቀልኩ። አፈሩን ከጭድ ጋር በእግሬ ረገጥኩ፤ እናቴ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አወለቀችና ከእኔ ጋር ረገጠች። አዮ ከላይ ውኃ ያፈሳሉ፣ ቀጠነ ወፈረ እያሉ ያዝዛሉ። ሦስታችን አንድ ጭቃ ውስጥ ቆመን እንደዚያ ቀን ብዙ አውርተን አናውቅም። ማገር አስገብተን መረግነው። ማታ ላይ በአዮ በር ገብተን፣ መጋረጃው ኋላ ቆመን ጠብቀን፣ ደርቢ ተብለን አለፍን።

በማግስቱ ሦስታችንም ቀበሌ ሄድን። አዮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ወረፋቸውን ጠበቁ። የገባንበት ቢሮ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ተነስቶ ከእኛ ጋር መጣ፤ ግድግዳውን አየ፣ በመዳፉ ነካው። መዳፉ ላይ ጭቃ ቀረ።

"እናቴ፣ ገና እርጥብ ነው" አላቸው ለአዮ።

"ይደርቃል" አሉ አዮ።

"ግድግዳውማ ይደርቃል። ከእናንተ ፊት ግን ብዙ ዓመት ተመዝግቦ የሚጠብቅ አራት ቤተሰብ አለ። ምናችንም አይደሉም የሚል ወረቀት ይዤ ምን ልበላቸው?"

አዮ ልጄ ናት አሉ። ሁለት ጊዜ አሉት። ሰውየው እኔን አየኝ። ያን ጊዜ አያቴ ናቸው አልኩ። ማንም አልጻፈውም።

ሰርቪሱን ያገኘችልን ከእናቴ ጋር የምትሠራ ሴት ናት። ዕቃችን በአንድ ጋሪ አለቀ። አዮ ቢላችንን ከሚስማሩ አውርደው በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። እናቴ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ወገቧን ይዛ ከሰርቪሱ ደረጃ ስትወርድ፣ ወይ የሰው ግቢ በር እንዳይዘጋባት ስትቸኩል አያታለሁ፤ እዚያ የጋራ ሽንት ቤት ወረፋ ላይም አያታለሁ። እኔ መጋዘኑን ትቼ ሱቅ እሠራለሁ። ከዚህ ከተማ ልሂድ እላለሁ በየወሩ። ማን ጋ ጥያት?

እዚያ ግማሽ ውስጥ የገቡት ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ናቸው። ወረፋቸው ነበር፤ ምንም አልላቸውም። ምርጉን አፍርሰው በሩን መልሰው ከፈቱት፤ ጓሮ የጣልኳቸውን ተካፋቾች አንስተው ሰቀሏቸው። አረንጓዴው ላይ ቁጥሩ እስካሁን አለ።

ባለፈው አርብ አዮን ልጠይቅ ሄድኩ፤ በሁለት ሳምንት አንዴ እሄዳለሁ፣ ውኃ እቀዳላቸዋለሁ። እየሰገዱ ደረስኩ። እንደ ድሮው ደጅ ቆሜ ጠበቅኩ። ጉልበታቸው ብሷል፤ ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው የሚነሱት። ጨረሱ፣ ወደ ቀኝ ወደ ግራ አሰላመቱ። ሳይዞሩ "ደርቢ" አሉኝ።

የድሮው መተላለፊያችን በጣውላ ተመትቷል። ከጣውላው ወዲያ የሰው ሬዲዮ ይሰማል። አዮም አዩት፣ እኔም አየሁት። እሳቸው ሳጥናቸው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ጫማዬን በሩ ሥር አወለቅኩና ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።